አዲስ አበባ – ዋሽንግተን፦ ሲሄዱ የሚረዝም፣ ሲመለሱ የሚያጥር መንገድ

ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን ዲሲ ያለው መንገድ ስንት ነው? ዛሬ በዚያች ከተማና በዙሪያዋ ልጅ፣ ወንድም ወይም የአክስት ልጅ ያለው ቤተሰብ ብዙ በመሆኑ ጥያቄው የብዙ ቤት ጥያቄ ነው። እናት ቪዛ አግኝታ የልጅ ልጇን ለማየት ስትነሣ “ስንት ሰዓት ይፈጃል?” ብላ ትጠይቃለች። አንዱ “አሥራ ሦስት ሰዓት” ይላታል፤ ሌላው “አሥራ ሰባት”፤ ሦስተኛው ደግሞ “ሌሊቱንም ቀኑንም ነው እማማ” ብሎ ያስፈራታል። የሚገርመው ሦስቱም አልዋሹም።

ነገሩን በኪሎ ሜትር እንጀምረው። የቦሌን አየር ማረፊያ በዋሽንግተን ከሚገኘው ከደለስ አየር ማረፊያ ጋር በአጭሩ መስመር ብናገናኘው 11,550 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። የምድር ዙሪያ ወደ 40,000 ኪሎ ሜትር ስለሆነ መንገዱ ከዓለም ዙሪያ ሩቡን አልፎ ይሄዳል ማለት ነው። ታዲያ ይህ አጭር መስመር በየት በኩል እንደሚያልፍ ገምቱ ቢባል ብዙዎቻችን እንሳሳታለን። በትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ካርታ ላይ ማስመሪያ ያስቀመጠ ሰው፣ መስመሩ በሱዳን፣ በቻድ፣ በኒጀርና በማሊ አድርጎ ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ ሲገባ ያያል። ካርታው ግን ጠፍጣፋ ነው፤ ምድር ደግሞ ክብ ናት። ክር ወስዳችሁ በክቡ የዓለም ሉል ላይ ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን ወጥሩት። ክሩ ከአዲስ አበባ ልክ ወደ ሰሜን ምዕራብ ይነሣል፤ ሱዳንን፣ ሊቢያንና አልጄሪያን ያቋርጣል፤ የሜዲትራንያንን ባሕር ተሻግሮም በስፔንና በፖርቱጋል ላይ ያልፋል። የመንገዱ እኩሌታ የሚውለው ከሊዝበን ከተማ ብዙም ሳይርቅ ነው። ሉል የሌለው ቤተሰብ በብርቱካንና በክር ሊሞክረው ይችላል፤ ልጆችም ይወዱታል።

አውሮፕላኑ ይህን ክር ተከትሎ ይበራል ማለት ግን አይደለም። ነፋስ አለ፤ የአገሮች የአየር ክልል ፈቃድ አለ፤ ጦርነትም አለ። በሱዳን እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 ውጊያ ከተነሣ በኋላ ብዙ አየር መንገዶች ያንን ሰማይ እየሸሹ ዙሪያ ጥምጥም ሲጓዙ ቆይተዋል። ቢሆንም ክሩን ያየ ሰው ቲኬት ሲገዛ የሚጠቅመውን ነገር ያውቃል። ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው የእኛ አውሮፕላን ባለፉት ዓመታት መንገድ ላይ እያረፈ ነዳጅ ሲቀዳ ኖሯል፤ ሮም፣ የአየርላንዷ ደብሊንና የቶጎዋ ሎሜ ከማረፊያዎቹ መካከል ናቸው። በግድግዳው ካርታ ደብሊን ወደ ሰሜን ጥግ የወጣች፣ ሎሜ ደግሞ ከመንገዱ ብዙ ያልወጣች ትመስላለች። ስሌቱ የሚናገረው ግን ተቃራኒውን ነው። በሮም በኩል ማለፍ ከአጭሩ መስመር ላይ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ቢጨምር ነው፤ በደብሊን በኩል ከ300 ኪሎ ሜትር ያነሰ ይጨምራል፤ በሎሜ በኩል ግን ጭማሪው ወደ 1,200 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ዋጋው ረክሷል ብሎ በዱባይ የሚሄድ ሰው ደግሞ መጀመሪያ 2,500 ኪሎ ሜትር ወደ ሰሜን ምሥራቅ ርቆ ነው ወደ አሜሪካ የሚዞረው። በጠቅላላው 2,300 ኪሎ ሜትር ያህል ይጨምራል። ይህ ከአዲስ አበባ ደሴ ሦስት ጊዜ ያህል ደርሶ እንደ መመለስ ነው።

ስለ ጅዳስ? ይህ እኔንም አስገርሞኛል። ከአዲስ አበባ ጅዳ፣ ከጅዳ ዋሽንግተን ያለው ርቀት ተደምሮ 12,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጭማሪው ከ450 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ልጇን ልትጠይቅ የምትሄድ እናት ዑምራን በዚያው ለማድረግ ብትነይት ከመንገዷ የወጣችው እጅግ ጥቂት ነው። ሳዑዲ ዐረቢያ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ በአየር መንገዶቿ ለሚያልፉ መንገደኞች እስከ አራት ቀን የሚያቆይና ዑምራንም የሚፈቅድ የመተላለፊያ ቪዛ ስለምትሰጥ፣ ጉዳዩን ከቲኬት ቢሮ አስቀድሞ ማጣራት አይከፋም።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። አውሮፕላኖቹ ይህን ያህል ርቀት በአንድ ትንፋሽ መብረር የሚችሉ ከሆነ፣ ሲሄዱ ለምን መሃል ላይ ያርፋሉ? ሲመለሱስ ለምን አያርፉም?

መልሱ ያለው ቦሌ ሜዳ ላይ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ነው። በዚህ ከፍታ ያለው አየር ስስ ነው፤ ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው አየር ጋር ሲነጻጸር ጥግግቱ አራት አምስተኛ ያህል ብቻ ነው። ከቆላ መጥቶ እንጦጦን በእግሩ የወጣ ሰው ትንፋሽ ሲያጥረው ነገሩን በራሱ ደረት ያውቀዋል። አውሮፕላኑም እንደዚሁ ነው። ሞተሩ የሚስበው አየር ስለሚያንስ ጉልበቱ ይቀንሳል። ክንፉም በስሱ አየር ላይ ክብደቱን ለማንሣት የበለጠ መፍጠን ይኖርበታል፤ ለመፍጠን ደግሞ የበለጠ ማኮብኮብ አለበት። የቦሌ ረጅሙ ማኮብኮቢያ 3,800 ሜትር ቢሆንም፣ ሙሉ መንገደኛ፣ ሙሉ ጭነትና እስከ ዋሽንግተን የሚበቃ ሙሉ ነዳጅ ተጭኖ ከዚያ ላይ መነሣት እጅግ ከባድ ነው። ከሦስቱ አንዱ መቀነስ አለበት። መንገደኛውን ትቶ መሄድ ኪሣራ ነው፤ ስለዚህ ነዳጁ ይቀነስና ጎደሎው መንገድ ላይ ይሞላል። ደለስ ግን ከባሕር ወለል 95 ሜትር ገደማ ብቻ ከፍ ይላል፤ አየሩ ወፍራም ነው፤ አውሮፕላኑ ጢም ብሎ ሞልቶ ይነሣል። ለዚህ ነው ያው አውሮፕላን፣ ያው አብራሪ፣ ያው ርቀት ሆኖ መሄጃው ከመመለሻው የሚለየው። በቢሾፍቱ አካባቢ የተወጠነው አዲስ አየር ማረፊያ የሚያርፍበት ቦታ ከቦሌ በብዙ መቶ ሜትር ዝቅ ያለ በመሆኑ፣ አገልግሎት ሲጀምር ይህ ሸክም ቀለል ይላል ተብሎ ይጠበቃል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 8 ቀን 1946 የመጀመሪያውን በረራ ያደረገው በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ነበር። አትላንቲክን ተሻግሮ ወደ አሜሪካ መብረር የጀመረው ግን ከ52 ዓመት በኋላ፣ በ1998 ነው። ከዚያ በፊት ወደ ዋሽንግተን የሚሄድ የአገራችን ሰው አውሮፓ ላይ አውሮፕላን መለወጥ ነበረበት። የቋንቋ ችግር ያለባቸው አረጋውያን በማያውቁት አገር አየር ማረፊያ ቲኬታቸውን ይዘው ሲንከራተቱ የታዩት በዚያ ዘመን ነው።

አሁን ወደ ራሱ ወደ ጉዞው እንግባ። በአንድ የጥር ወር ከቦሌ የተነሣነው ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። ከጎኔ የተቀመጡት ከደሴ የመጡ እናት ነበሩ፤ አውሮፕላን ሲሳፈሩ የመጀመሪያቸው ነው። መግሪብንና ዒሻእን አዲስ አበባ ሰግደው ነው የተነሡት። በእጃቸው ላይ ያለችው ሰዓት አገር ቤት እንደተሞላች ናት፤ “አትንኩብኝ፣ የቤቴን ሰዓት በእሷ ነው የማውቀው” ብለዋል። መንገዱ በደብሊን በኩል ነበር። ነዳጅ ሲቀዳ ወንበራችን ላይ እንደተቀመጥን ቆየን፤ ደግሞም ተነሣን። ራት ቀረበ፣ መብራት ጠፋ፣ ሰው ተኛ፣ ነቃ፣ ደግሞ ተኛ። ውጭው ያው ጨለማ ነው። በመጨረሻ እኒያ እናት ወደ እኔ ዞር አሉና፣

“ልጄ፣ ይህ ሌሊት አይነጋም እንዴ? ሰዓቴ ስድስት ሰዓት ይላል፤ አገር ቤት እኮ ዙህር ሊባል ነው!” አሉኝ።

ሰዓታቸው አልተሳሳተችም። ምድር በምድር ወገብ ላይ በሰዓት 1,670 ኪሎ ሜትር ትዞራለች፤ ወደ ሰሜን በተወጣ ቁጥር ዙሪያዋ ስለሚጠብ ፍጥነቱ ያንሳል። 50 ዲግሪ አካባቢ፣ ማለትም እኛ በምንበርበት የአትላንቲክ ክፍል፣ የንጋቱ ብርሃን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚገሰግሰው በሰዓት 1,070 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አውሮፕላናችን ደግሞ በዚያው አቅጣጫ በሰዓት ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ይበራል። ስለዚህ ንጋት ከኋላችን እየተከተለን፣ እኛ ፊት ፊቱን እየሸሸነው ነው። ሊደርስብን ይችላል፤ ግን ቀስ ብሎ ነው። በዚያ ጉዞ አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ ከገባችበት ዋሽንግተን ላይ እስከወጣችበት ድረስ ያለው ሌሊት ሃያ አንድ ሰዓት ነበር። በሐምሌ ወር ቢሆን ኖሮ ሌሊቱ በግማሽ ያህል ያጥር ነበር፤ በሰሜኑ የዓለም ክፍል በዚያን ወቅት ማልዶ ስለሚነጋ ደብሊን ሳይደረስ ወይም እዚያው እንደታረፈ ብርሃን ይታያል።

ለሙስሊም መንገደኛ ይህ የወሬ ማድመቂያ ብቻ አይደለም። ፈጅር መቼ ነው? በአዲስ አበባ ሰዓት ከተባለ ካለፈ ስንት ሰዓት ሆኖታል። በዋሽንግተን ሰዓት ከተባለ ደግሞ እኛ ገና ዋሽንግተን አይደለንም። ዑለማዎች የሚሉት መንገደኛው ባለበት ቦታ፣ በዓይኑ በሚያየው ምልክት እንዲመራ ነው። በዚያ ጉዞ የንጋቱ ቀጭን ብርሃን በግራ በኩል ባሉት መስኮቶች ወደ ኋላ የታየው ከማረፋችን ሁለት ሰዓት ያህል ሲቀረው ነበር። ቂብላው ልክ ከጀርባችን፣ በአውሮፕላኑ ጭራ በኩል ሆነ። በመሆኑም ከአስተናጋጆቹ ፈቃድ ጠይቀን፣ ምግብ በሚዘጋጅበት በኋለኛው ክፍል አጠገብ ባለችው ጠባብ ቦታ ተራ በተራ ሰገድን። ወንበሩን ለቆ መነሣት ያልቻለ ሰው በተቀመጠበት ይሰግዳል፤ ዲኑ ገር ነው። ዉዱእ ለማድረግ ያቺ ትንሽ መታጠቢያ ቤት ትበቃለች፤ ወለሉን ውሃ በውሃ አድርጎ መውጣት ግን ከኋላ ያለውን ወረፈኛ ማስቸገር ነው። ይህን የምለው አይቼ ነው።

ስለ ጤናም ጥቂት ልበል። አሥራ ስድስት ሰዓት ተቀምጦ መዋል ለእግር ደም ዝውውር መልካም አይደለም፤ በተለይ በዕድሜ የገፉ ሰዎች በየሁለት ሰዓቱ ያህል ተነሥተው መተላለፊያው ላይ ወዲያ ወዲህ ቢሉ፣ ውሃም ቢጠጡ ይመከራል። የስኳር ሕመም ያለባቸው መድኃኒታቸውን በእጅ ቦርሳቸው መያዝ አለባቸው። ኢንሱሊን የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ ሰዓቱ እንዴት እንደሚቆጠር ከመነሣታቸው በፊት ሐኪማቸውን ይጠይቁ፤ በአየር ላይ “ጠዋት” እና “ማታ” ማለት ምን እንደሆነ እላይ አይተናልና።

ደለስ ስናርፍ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነበር፤ በእነርሱ አቆጣጠር 7 ሰዓት መሆኑ ነው። የእናታችን ሰዓት 9 ይላል። እዚህ ላይ አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። በጥር ወር የሁለቱ ከተሞች ልዩነት 8 ሰዓት ነው፤ እኛ ግን ሰዓታችንን ከንጋት ጀምረን ስለምንቆጥር ከፈረንጆቹ ጋር የ6 ሰዓት ልዩነት አለን። ሁለቱ ሲቀናነሱ በሰዓቱ ፊት ላይ የሚታየው ልዩነት 2 ብቻ ይሆናል። አሜሪካኖቹ ሰዓታቸውን በሞቃቱ ወራት አንድ ሰዓት ወደፊት ስለሚያዞሩ ደግሞ ያን ጊዜ ልዩነቱ 1 ይሆናል። ስለዚህ አገር ቤት የተሞላ ሰዓት ያሰረ ሰው በዋሽንግተን ውስጥ በበጋቸው አንድ፣ በብርዳቸው ሁለት ቢቀንስ የአገሩን ሰዓት ያገኛል፤ ቀንና ሌሊቱን ብቻ መለየት ነው። ይህን ስነግራቸው ሳቁና “እንግዲያው ሩቅ አይደለም በለኝ” አሉ።

ደለስ እ.ኤ.አ. በ1962 የተከፈተ፣ ጣሪያው ወደ ላይ እንደተወጠረ ሸራ የሚታይ አየር ማረፊያ ነው። መንገደኛን ከአውሮፕላን ወደ ፍተሻው ሕንፃ የሚያደርሱት ግዙፍ ተንቀሳቃሽ ክፍሎች ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የነበሩ ናቸው፤ አውቶቡስ ነው ቢሉት አይደለም፣ ቤት ነው ቢሉትም ይሄዳል። ከዚያ ወጥቶ በረዶ ላይ ሲቆም ነው ሰው ከአገሩ መውጣቱን የሚያምነው።

በከተማዋ ውስጥ መጀመሪያ ያየሁት በማሳቹሴትስ ጎዳና ላይ የሚገኘውን እስላማዊ ማዕከል ነው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 28 ቀን 1957 ሲመረቅ ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ተገኝተው ንግግር አድርገዋል። የመሠራቱ ሐሳብ የተጠነሰሰው በሐዘን ጊዜ እንደሆነ ይነገራል። በዋሽንግተን የቱርክ አምባሳደር የነበሩት ሙኒር ኤርተጉን በኅዳር 1944 ሲያርፉ፣ በከተማዋ ሶላተል ጀናዛ የሚሰገድበት ለደረጃቸው የሚመጥን መስጂድ አልነበረም። ጊዜው የጦርነት ስለነበር አስከሬናቸውም አገሩ የገባው ከዓመት ከመንፈቅ ገደማ በኋላ ነው፤ ሚዙሪ የተባለችው የአሜሪካ የጦር መርከብ በሚያዝያ 1946 ኢስታንቡል አደረሰችው።

መስጂዱን በጎዳናው ላይ ቆሞ ያየ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። የፊቱ ቅስቶች ከመንገዱ ጋር እኩል ተሰልፈዋል፤ ዋናው መስጊድ ግን ከኋላቸው ዘወር ብሎ ነው የቆመው። የዞረው ወደ ቂብላ ነው፤ ይኸውም ከሰሜን ወደ ምሥራቅ 56 ዲግሪ ያህል ነው። ግንባታው ሲጀመር ይህ አቅጣጫ ብዙ ሰው አስገርሟል። መካ ከዋሽንግተን በስተደቡብ ባለ ኬክሮስ ላይ ሳለች እንዴት ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይሰገዳል? የተባለው የግድግዳውን ካርታ አይቶ ነው። በክሩ የተለካ እንደሆነ ግን አጭሩ የመካ መንገድ በሰሜን ምሥራቅ በኩል ነው። አውሮፕላኖቹም ከዋሽንግተን ወደ እኛ አገር ሲመለሱ የሚነሡት ወደዚያው ነው። በአሜሪካና በካናዳ ሙስሊሞች መካከል ይህ ክርክር ለብዙ ዓመታት ቀጥሎ ነበር።

ጥያቄው ግን አዲስ አልነበረም። አቡ ረይሓን አል-ቢሩኒ እ.ኤ.አ. በ1025 በጋዝና ከተማ ሆኖ የጨረሰው መጽሐፍ የሚመረምረው ይህንኑ ነው። በከተሞች መካከል ያለውን ርቀት እንዴት እናውቃለን? ከርቀቱስ ተነሥተን የቂብላን አቅጣጫ እንዴት እናሰላለን? ቢሩኒ አውሮፕላን አልነበረውም፤ የነበረው ከባግዳድ እስከ ጋዝና የሚመላለሱ ቅፍለቶች የሚናገሩት የመንገድ ርዝመት ነው። መንገዱ ስለሚጠማዘዝ ከዚያ ላይ እየቀነሰ፣ የየከተማውን ኬክሮስ በፀሐይና በከዋክብት እየለካ፣ በክብ ምድር ሒሳብ አስልቶ የከተሞቹን ኬንትሮስ አወጣ። ዛሬ በኮምፒውተር የሚሠራው የበረራ መንገድ ስሌት ከዚያ ሒሳብ በመሠረቱ አይለይም።

እኔም በብርቱካኑ ላይ ሌላ ክር ወጥሬ አንድ ነገር አገኘሁ። ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ ያለው አቅጣጫ ከሰሜን ወደ ምሥራቅ 66 ዲግሪ ነው። ከቂብላው የሚለየው በአሥር ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። በዋሽንግተን ለሶላት የቆመ ሰው ወደ ቀኝ በጥቂቱ ዘወር ቢል ፊቱ ወደ አገር ቤት ነው። ይህን ለእናታችን ልጅ ስነግረው ወዲያው ለሚስቱ ሊነግራት ወደ ጓዳ ገባ።

መልሱ ጉዞ ሌላ ነው። ከደለስ የተነሣነው በእነርሱ ከጠዋቱ 10 ሰዓት ተኩል፣ በእኛ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። ስንሄድ ከፊታችን ይገፋን የነበረው፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ከፍ ብሎ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስ አሁን ከኋላ ሆነ፤ ፍጥነቱ ብዙ ጊዜ በሰዓት ከ160 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ማረፍ የለም፤ ቦሌ ለመድረስ የፈጀብን አሥራ ሁለት ሰዓት ከአርባ አምስት ደቂቃ ነው። ሲሄዱ የረዘመው ሌሊት ሲመለሱ የቀኑን ዕድሜ ይቆርጠዋል። ከተነሣን አንድ ሰዓት ሳይሞላ ዙህር ደረሰ፤ ከዚያ ሁለት ሰዓት ተኩል ሳይቆይ ፀሐይ ገባች። ዙህርንና ዐስርን አጣምሮ ሊሰግድ ያሰበ ሰው ምሳው እስኪነሣ ልጠብቅ ካለ ያመልጠዋል። ረመዷን በእንዲህ ያለ የብርድ ወቅት ሲገባ የዚህ በረራ ጾመኛ የሚጾመው ከፈጅር እስከ መግሪብ ስምንት ሰዓት እንኳ አይሞላም። በተቃራኒው በቀን ወደ ምዕራብ የሚበር ጾመኛ ፀሐይዋ አልገባ ትለዋለች። ለሙሳፊር የተሰጠው ጾሙን ፈትቶ በሌላ ቀን የመክፈል ፈቃድ እዚህ ላይ ትርጉሙ ይታያል።

የሚያፈጥረውም በአዲስ አበባ አዛን አይደለም፤ ከመስኮቱ ፀሐይዋ ስትጠፋ ነው። በ11 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ አድማሱ ስለሚርቅ፣ ከታች ያለው ሰው ካፈጠረ ከአሥር ደቂቃ በላይ ቆይታም ፀሐይ ለተሳፋሪው ትታየዋለች። በምድር ላይም ቢሆን ከፍታ ይህን ያመጣል፤ እ.ኤ.አ. በ2011 የዱባይ ሙፍቲ በቡርጅ ኸሊፋ ፎቅ ከ80ኛው በላይ የሚኖሩ ሰዎች ሁለት ደቂቃ፣ ከ150ኛው በላይ ያሉት ሦስት ደቂቃ ቆይተው እንዲያፈጥሩ ተናግረዋል።

አሥራ ሦስት ሰዓት እንግዲህ ብዙ አይመስልም። የቀድሞ ዑለማዎች ርቀትን በመርሐላ፣ በቀን መንገድ ይለኩ ነበር፤ አያቶቻችንም “የሦስት ቀን መንገድ ነው” እንጂ ኪሎ ሜትር አያውቁም። በዚያ መለኪያ ዋሽንግተን የአንድ ቀን መንገድ ሆናለች። ነገር ግን አንድ ጉዳይ አለ፤ ለእርሱ ይህም ሩቅ ነው።

በዋሽንግተን የማውቀው አንድ ወንድም አባቱ ያረፉት ደሴ ላይ፣ በጥር ወር ሐሙስ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ነው። በዋሽንግተን ያኔ ገና ረቡዕ ነው፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት። ልጆቹን አስተኝቶ ነበር ስልኩ የጮኸው። በዲናችን ጀናዛን ማቻኮል እንጂ ማቆየት አይወደድም፤ አባትየው ዙህር ተሰግዶ ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ተቀበሩ። በዋሽንግተን ከሌሊቱ 11 ሰዓት መሆኑ ነው። የመጀመሪያው አውሮፕላን የሚነሣው ከዚያ በኋላ አምስት ሰዓት ተኩል ቆይቶ ነው። ቲኬት በነፃ ቢሰጡት፣ መንገዱንም በሙሉ ቢያቃኑለት አይደርስም ነበር። ታላቅ ወንድሙ በስልክ “እናቆይልህ ወይ?” ብሎ ጠይቆት ነበር። “አታቆዩዋቸው” አለ።

ጓደኞቹ በዚያች ሌሊት ተሰበሰቡ። በከተማዋ በጆርጂያ ጎዳና ላይ ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች የመሠረቱት ፈርስት ሂጅራ የተባለ መስጂድ አለ፤ ስሙ የሶሓቦችን የመጀመሪያ ስደት ወደ ሐበሻ የሚያስታውስ ነው። ሶላቱል ጋኢብ፣ ማለትም በሩቅ ላረፈ ሰው የሚሰገደው የጀናዛ ሶላት፣ ይሰገድ አይሰገድ የሚል ጥያቄ ተነሣ። ዑለማዎች በዚህ ይለያያሉ። የሻፊዒና የሐንበሊ መዝሀቦች ይፈቅዱታል፤ ሐነፊና ማሊኪ ግን አባትየው በአገሩ ከተሰገደባቸው ይበቃል ይላሉ። ሁለቱም ወገኖች የሚነሡበት ማስረጃ አንድ ነው፤ እሱም ስለ እኛ አገር ነው። የሐበሻው ንጉሥ አን-ነጃሺ ሲያርፉ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ሆነው ለሶሓቦቻቸው አሳወቁ፤ አሰለፏቸውም፤ ሰገዱባቸውም። ወንድማችን ሻፊዒ ነው። ከፈጅር በኋላ አሥራ አንድ ሰው ከኋላው ቆሞ ሰገደ።

ከዚያ ወደ ደለስ ሸኙት። ቦሌ የደረሰው ዓርብ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ደሴ ለመድረስ ገና 400 ኪሎ ሜትር ይቀረው ነበር፤ የኮምቦልቻ አውሮፕላን ቦታ ስላልነበረው በመኪና ሄደ። ሲደርስ ዐስር ተሰግዶ ወጥቷል፤ ሰዉ ለተዕዚያ ግቢው ውስጥ ተቀምጧል። ታላቅ ወንድሙ ተነሥቶ ተቀበለውና ጫማውን ሳያወልቅ ወደ መቃብሩ ይዞት ሄደ።